ምናኔና እንግዳ

ከሰው የራቀ ሰው፣ ሰው ሲመጣበት ምን ማድረግ ይገባዋል? በሩን ይክፈት ወይስ ይዝጋ?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የመነኮሳት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን እኛ ሁለት ነገሮችን እኩል ስናመሰግን የኖርን ሰዎች ነንና ጥያቄው የሁላችንም ነው። በአንድ በኩል ምናኔን እናከብራለን። ዘመድ ወዳጁን ትቶ፣ ሀብት ንብረቱን ንቆ ዋሻ የገባን ሰው ስም ስናነሣ ድምፃችን ዝቅ ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ እንግዳ መቀበልን እናከብራለን። መንገድ ላይ የመሸበት ሰው "የእግዜር እንግዳ" ብሎ ደጅ ሲቆም "ቤት የእግዜር ነው" ይባላል፤ ይገባል፤ እግሩ ይታጠባል፤ መደብ ይለቀቅለታል። ሁለቱን በአንድ አፍ እያመሰገንን ስንኖር እርስ በርሳቸው የሚጣሉ መሆናቸውን ግን ልብ ያልነው አይመስለኝም።

አባታችን አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አይቀምስም ነበር ይባላል። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣልን ትረካ መሠረት ሰይጣን በዚህ ቀንቶ፣ ራሱን አድምቶ መንገድ ላይ ቆመና አብርሃም እንደ ድሮው አለመሆኑን፣ ደብድቦ እንደ ሰደደው እየተናገረ መንገደኛውን ሁሉ መለሰ። ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳ ጠፋ። አብርሃምም ሦስት ቀን ሙሉ እህል ሳይቀምስ ሰነበተ። በመጨረሻ በመምሬ ዛፍ ሥር የደረሱት ሦስት እንግዶች እነማን እንደነበሩ አንባቢ ያውቃል። እንግዲህ አብርሃም ያለ እንግዳ መብላት ያልቻለ ሰው ነው። ዋሻ የገባው መናኝ ደግሞ ከእንግዳ ጋር መጸለይ ያልቻለ ሰው ነው። ለመሆኑ ማንኛቸው ናቸው ትክክል?

መልስ ፍለጋ ሦስት ቤቶችን እንጎብኝ። ሦስቱም ክርስቲያናዊ ናቸው። ሦስቱም ተራራ ላይ ናቸው። ሦስቱንም ክረምት በበረዶ ይዘጋቸዋል። ክረምት ስል የእነሱን ማለቴ ነው፤ እነሱ በበረዶ ተከበው ምድጃ በሚታቀፉበት ወር እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ አዝመራ ይወቃል። ይሁን እንጂ የእነሱም ክረምት የእኛም ክረምት አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ሁለቱም መንገድ ይዘጋሉ። የሦስቱ ቤቶች በር አያያዝ ግን ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው በአሜሪካ፣ በምዕራቡ የዋሽንግተን ግዛት፣ በካስኬድ ተራሮች መሐል ያለው የሆልደን መንደር ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲያትል በዚሁ ግዛት ውስጥ ናት፤ ሆኖም ወደ ሆልደን ከውጭ የሚያስገባ የመኪና መንገድ የለም። 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን ቀጭኑን የሸላን ሐይቅ በጀልባ ሽቅብ ተጉዞ፣ ሉሰርን ከተባለ ወደብ ተወርዶ፣ ከዚያ በአውቶቡስ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣል። የእጅ ስልክ አይሠራም። መንደሩን የቆረቆረው ጸሎተኛ ሳይሆን ማዕድን ቆፋሪ ነው። ሃው ሳውንድ የተባለ ኩባንያ ከ1938 እስከ 1957 (እ.ኤ.አ.) መዳብ ሲያወጣበት ኖሮ ዋጋው ሲወድቅ ትቶት ሄደ። ዌስ ፕሪብ የተባለ ሰው ባዶው መንደር ለመንፈሳዊ አገልግሎት እንዲውል ለኩባንያው ደጋግሞ ጻፈ። ኩባንያው መጀመሪያ ገንዘብ ጠየቀ፤ በመጨረሻ በ1960 (እ.ኤ.አ.) እንደ ስጦታ ለአንድ የሉተራን የመጽሐፍ ቅዱስ ተቋም ለመስጠት ተስማማ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ከሩቅም ከቅርብም የሚመጣ ሰው ለጥቂት ቀናት የሚያርፍበት፣ የሚማርበት፣ የሚጸልይበት ሆኖ ቆይቷል።

በበጋ እንግዳው በመቶ ይቆጠራል። ክረምት ሲገባ ግን የሚቀሩት ጥቂት ናቸው። እነዚህ ጥቂቶች እንጨት ይፈልጣሉ፤ ቤታቸው የሚሞቀው በእንጨት ነውና። የመንደሩ መብራት የሚመነጨው ከተራራው ከሚወርድ ጅረት ነው። ጅረቱ በብርድ ሲቀጥን መብራቱም ስለሚቀጥን እያንዳንዱ ቤት ይቆጥባል። በረዶ ከጣሪያና ከመተላለፊያ ይዛቃል። ልጆች ያሏቸው ልጆቻቸውን እዚያው ያለ አነስተኛ ትምህርት ቤት ይልካሉ። ሲመሽ ማኅበሩ ለሠርክ ጸሎት ይሰበሰባል። እንግዳ በክረምትም አይከለከልም። ነገር ግን ጀልባው በፈለጉት ሰዓት አይገኝምና እንግዳው ጠዋት መጥቶ ከሰዓት በኋላ ሊመለስ አይችልም። ያድራል፣ ይሰነብታል። ከነዋሪው ጋር ከአንድ ድስት ይበላል። ጎብኚ ሆኖ የመጣውን በረዶው እንግዳ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ቤት በፈረንሳይ፣ ከግረኖብል ከተማ በላይ ያለው ግራንድ ሻርትረዝ ነው። ብሩኖ የተባለው አባት በ1084 (እ.ኤ.አ.) ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋር መሠረተው። በ1132 (እ.ኤ.አ.) የበረዶ ናዳ የመጀመሪያውን ቤት ደርምሶ መነኮሳቱን ገደለ፤ የተረፉት ዝቅ ብለው ሠሩ። እያንዳንዱ መነኩሴ የራሱ ትንሽ ቤትና አጸድ አለው። ምግቡ በግድግዳ ላይ ባለች መስኮት ይቀበለዋል። የሚነጋገሩት በሳምንት አንድ ጊዜ አብረው ለእግር ጉዞ ሲወጡ ነው። ጎብኚ አይገባም። ለማየት የመጣ ሰው ዝቅ ብሎ ባለው የቀድሞ ገዳም ቤት ወደ ተዘጋጀው ሙዚየም ይላካል። ወላጅና ወንድም እህት እንኳ የሚገቡት በዓመት ሁለት ቀን ነው። ፊሊፕ ግሮኒንግ የተባለው ጀርመናዊ የፊልም ሰው በ1984 (እ.ኤ.አ.) ሕይወታቸውን መቅረጽ እንዲፈቀድለት ጠየቀ። የእሺታው መልስ የመጣለት ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜም ብቻውን፣ ያለ ረዳትና ያለ ተጨማሪ መብራት ገብቶ ከእነሱ ጋር ወራት ኖረ፤ ፊልሙም በ2005 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። አሥራ ስድስት ዓመት ደጅ መጥናት ማለት ይህ ነው!

ሦስተኛው በስዊዘርላንድና በኢጣሊያ ድንበር፣ በ2,469 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የታላቁ ቅዱስ በርናርድ የእንግዳ ቤት ነው። የአዎስታው ካህን በርናርድ በ1050 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ መሠረተው፤ የአውግስጢኖስን ሥርዓት የሚከተሉ ካህናት ያገለግሉበታል። ይህ ቤት የተሠራው ገና ከመጀመሪያው ለእንግዳ ነው፤ የአልፕስን ተራራ የሚያቋርጥ መንገደኛ በረዶ ውስጥ እንዳይቀር። በዓለም የታወቁት ትላልቅ ውሾች ዝናቸው የወጣው ከዚህ ነው። ከ1800 እስከ 1814 (እ.ኤ.አ.) የኖረው ባሪ የተባለው ውሻ ከ40 በላይ ሰዎችን አትርፏል ይባላል፤ ገላውም ዛሬ በበርን ከተማ ሙዚየም ይታያል። እንግዲህ አንዱ ቤት በሩን ዘግቶ፣ ሌላው በሩን ከፍቶ፣ ሦስተኛው ደግሞ ገርበብ አድርጎ ይኖራል ማለት ነው።

ይህ ክርክር በረዶን አይቶ በማያውቀው በግብፅ በረሃም ነበር። በገዳመ አስቄጥስ አባ አርሳንዮስ ሰው ይሸሹ ነበር። በዚያው በረሃ ከሽፍትነት ወደ ምንኩስና የመጡት፣ እኛ ሙሴ ጸሊም የምንላቸው፣ ሰኔ 24 የምናስባቸው ኢትዮጵያዊው አባት ደግሞ እንግዳ ሲያዩ ደስ ይላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ሳምንቱን እንዲጾሙ ታዞ ሳለ ከሩቅ አገር ወንድሞች መጡባቸው፤ ሙሴም እሳት አንድደው ምግብ ሠሩላቸው። ጢሱን ያዩ ጎረቤቶች ከሰሱ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን አጣርተው የሰውን ትእዛዝ ሽረው የእግዚአብሔርን መጠበቃቸውን በአደባባይ መሰከሩላቸው። በሌላ ጊዜ አንድ ወንድም አርሳንዮስን ሊጎበኝ ሄዶ በዝምታ ተቀምጠው ዋሉ፤ ወደ ሙሴ ሄዶ ደግሞ በደስታ ተቀበሉት። ይህን የሰማ አንድ አባት ምስጢሩ እንዲገለጥለት ቢጸልይ ሁለት ጀልባዎች በወንዝ ላይ ሲሄዱ አየ። በአንደኛው አርሳንዮስ ከመንፈስ ቅዱስ ጋር በጸጥታ ይቀዝፋሉ፤ በሁለተኛው ሙሴ ከመላእክት ጋር የማር ዳቦ ይበላሉ።

ትረካው ያማረ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል እላለሁ። ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ወደብ ያደርሳሉ ይለናል እንጂ፣ በሩ ሲንኳኳ አንድ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረንም። ጀልባው ሁለት ነው፤ የሚንኳኳበት ሰው ግን አንድ ነው። በዚያች ሰዓት ወይ ይከፍታል ወይ አይከፍትም።

ይህን የምለው ለወሬ ማሟያ አይደለም። ዘንድሮ ጥያቄው ቤተሰባችን ውስጥ ገብቶ አለያይቶናል። የእናቴ ታላቅ እህት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተው መነኮሱ። አሁን እማሆይ ነው የምንላቸው። የሚኖሩት ወንዝ ማዶ ባለ አንድ የሴቶች ገዳም ነው። ወንዙ ድልድይ የለውም። ክረምት ሲሞላ ዋናተኛ እንኳ አይደፍረውም። የመጨረሻ ልጃቸው አሜሪካ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ዘንድሮ እናቱን ሊያይ ተነሣ፤ ነገር ግን ፈቃድ ያገኘው ለነሐሴ ነው፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያን ጊዜ ነውና። ቤተሰቡ መከረና ወንዙ ሳይሞላ፣ በሰኔ፣ ሰው ተልኮ እማሆይ ከተማ እንዲመጡ፣ እናቴ ቤት እንዲከርሙ ወሰነ። የእማሆይ መልስ ግን በመልእክተኛው አፍ አጭር ሆኖ መጣ። ፍልሰታን ከማኅበራቸው ተለይተው አያውቁም። ልጃቸው ወንዙ ሲጎድል ይምጣ።

እናቴ ተቆጣች። "ልጅ እንግዳ ነው እንዴ? የወለደ ሰው ለልጁ ወራት ይቆጥራል?" አለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ጨከን አድርጎ እማሆይ ከልጃቸው ይልቅ ሽምብራውን ወደዱ አለ፤ የሱባኤውን ጥሬ ማለቱ ነው። እኔ ከእማሆይ ጎን ቆምኩ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ምክንያቴን እነሆ።

በመጀመሪያ እማሆይ አይምጣ አላሉም፤ መቼ እንደሚመጣ ነገሩ እንጂ። የሁለቱን ጀልባዎች ትረካ የጎደለው ይህ ይመስለኛል። ዝምታና እንግዳ ተቀባይነት በአንድ ሰዓት አንድ በር ላይ ሊቆሙ አይችሉም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ሁለቱም ቦታ አላቸው። አባቶቻችን ይህን ያወቁ ይመስለኛል። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ያለው የፍልሰታ ጾም የዋለው ዝናቡ በበረታበት፣ ወንዙ በሞላበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ ምእመናን ሳይቀሩ በየደብሩና በየገዳሙ ዙሪያ ትንንሽ ጎጆ ይዘው ሱባኤ ይገባሉ። መስከረም ሲጠባ መንገዱ ይከፈታል፤ ዘመድ ከዘመድ ይጠያየቃል። መርሕ ያላስታረቃቸውን ሁለት ነገሮች የቀን አቆጣጠር አስታርቋቸዋል። ግራንድ ሻርትረዝም በዓመት ሁለት ቀን ለቤተሰብ ሲከፍት ይህንኑ ማድረጉ ነው። ቁጥሩ ሊያንስብን ይችላል፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው ወደ ሰው በር በሁለት ምክንያት ይመጣል። አንዱ የመሸበት ነው፤ ሌላው ሊጎበኝ የፈለገ ነው። ለመሸበት ሰው ወራት አይቆጠርም። በረዶ ውስጥ የቀረን ሰው ጾም ላይ ነን ብሎ የሚመልስ ገዳም ገዳም አይደለም። ሙሴ ጸሊም ሕጉን ሽረው እሳት ያነደዱት ለዚህ ነው። ሊጎበኝ ለፈለገ ግን ጊዜ መቅጠር ንፉግነት አይደለም፤ እንዲያውም እንግዳውን ማክበር ነው፤ ሲመጣ በሙሉ ልብ እንዲቀበሉት ማለት ነውና። የአክስቴ ልጅ እናቱን ናፍቋል እንጂ አልመሸበትም። ሥራ አለው፣ ቤት አለው፣ ልጆች አሉት። የእናትነት ፍቅር ከጎብኚ በላይ ያደርገዋል፤ ያን አልክድም። ነገር ግን የእናትን ፍቅር መያዣ አድርጎ እናትን ከመረጠችው ሕይወት ማውጣት ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ተከራካሪ ሊያቋርጠኝ ይችላል። "የመሸበትንና የጎብኚውን ማን ለየው? ፊቱ ላይ ተጽፏል?" ይለኛል። እውነት ነው። የታላቁ ቅዱስ በርናርድ ቤት ታሪክ ይህንን ያሳያል። በ1964 (እ.ኤ.አ.) በተራራው ሥር የመኪና ዋሻ ከተከፈተ ወዲህ በክረምት ከላይ በኩል ማለፍ ግድ የሚሆንበት መንገደኛ የለም። ውሾቹም በ2005 (እ.ኤ.አ.) ማርቲኒ ከተማ ላለ ድርጅት ተላልፈዋል። ዛሬ የላይኛው መንገድ በበረዶ ሲዘጋ ወደ ቤቱ የሚደርሰው ሰው ፈልጎ፣ ስንቁን ተሸክሞ፣ በበረዶ መንሸራተቻ ወይም በበረዶ ጫማ የወጣ ነው። በአንድ ዓይን ሲያዩት ሁሉም ጎብኚ ነው። ነገር ግን ከመጣው አንዱ በቅርቡ ልጁን ቀብሮ፣ ሌላው ትዳሩ ፈርሶ፣ ሌላውም ራሱን ሊያጠፋ አስቦ የወጣ ሊሆን ይችላል። ጨለማ በሰማይ ብቻ አይመሽም፤ በሰው ውስጥም ይመሻል። ቤቱም ዛሬ ድረስ በሩን ያልዘጋው ስለዚህ ይመስለኛል።

ለዚህ ችግር የምዕራቡ ምንኩስና አባት የሚባለው ቤኔዲክቶስ በ6ኛው መቶ ዘመን ያወጣው ሥርዓት ብልሃት አለው። እንግዳ ሁሉ እንደ ክርስቶስ ይቀበሉት ይላል፤ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25ን ይዞ ነው። ይሁንና በዚያው ምዕራፍ ለእንግዶች የተለየ ማዕድ ቤት እንዲኖር ያዝዛል፤ እንግዳ ከገዳም አይጠፋምና፣ ባልታሰበ ሰዓት ሲመጣም ማኅበሩ እንዳይታወክ። በሩ ላይ ደግሞ ጎረምሳ ዘበኛ ሳይሆን መልእክት መቀበልና መልስ መስጠት የሚያውቅ፣ ዕድሜው ከመዞር የገታው አስተዋይ ሽማግሌ እንዲቀመጥ ያዝዛል። ልብ በሉ፤ የመሸበትን ከጎብኚው የሚለይ ሕግ አልጻፈም። ሕግ አይለየውምና። የሚለይ ሰው በር ላይ አስቀመጠ። በሩን የሚጠብቀው ማስተዋል ነው።

ሌላም ከባድ ሙግት አለ። ዓለም ሲነድ ተራራ ወጥቶ መዘመር ሽሽት አይደለምን? ለምናኔ የሚተርፍ ጊዜና ገንዘብ ያለው ስንቱ ነው? እዚህ ላይ ወደ ሆልደን እንመለስ። እነዚያ ሰዎች ከዓለም ርቀን እንሂድ ብለው የገቡበትን ሸለቆ ዓለም ቀድሟቸው ገብቶበት ነበር። የመዳብ ማዕድኑ ከ8 ሚሊዮን ቶን በላይ ፍርስራሽና ደለል ከጅረቱ አጠገብ ከምሮ ሄዷል፤ ብረታ ብረቱም ውሃውን ሲበክል ኖሯል። የቀድሞውን ኩባንያ ዕዳ የወረሰው ሪዮ ቲንቶ ሰፊ የማጽዳት ሥራ ሲያካሂድ መንደሩ ለተከታታይ በጋዎች የወትሮ እንግዶቹን መቀበል አቁሞ ሠራተኞችን አስተናገደ። ሥራው ሊገባደድ ሲል በ2015 (እ.ኤ.አ.) በመብረቅ የተነሣ ሰደድ እሳት ሸለቆውን በላ፤ ነዋሪው ወጣ፤ መንደሩ በእሳት አጥፊዎች ብርታት ተረፈ።

ከዚህ የምረዳው ከዓለም የሚያስወጣ መንገድ የለም የሚለውን ነው። የሆልደን ነዋሪ እህሉ በጀልባ ይመጣለታል፤ የእኛ መናኝ ገበሬው ከጎተራው ባመጣለት ይኖራል። ሁለቱም ከዓለም የወጡ መስሏቸው ከሆነ ተሳስተዋል። ነገር ግን ምናኔ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ምናኔ ከሰው መላቀቅ ሳይሆን ከሰው ጋር የሚኖረንን ዝምድና በሌላ መልክ መያዝ ነው ማለቴ ነው። ከተማ ውስጥ መብራት ስናበራ ከየት እንደ መጣ አናስብም፤ ቆሻሻ ስንጥልም ወዴት እንደሚሄድ አናይም። ጅረቱ ሲቀጥን አምፖሉን የሚያጠፋ ሰው ግን የሚበላውንና የሚያቃጥለውን ዕለት ዕለት ያየዋል። በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች ተራቁተው ሳለ አገር በቀሉ ዛፍ ተርፎ የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ መሆኑ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የራቀ ሰው ለቅርቡ ሰው የሚጠብቅለት ነገር አለ። ምናኔ ሽሽት የሚሆነው ይህን ዕዳውን የረሳ ጊዜ ነው።

ደግሞም ክረምቱን በተዘጋ ስፍራ ያሳለፈ ሰው ከሰው አመለጠ ማለት ዘበት ነው። ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ የማንወደውን ሰው መንገድ ቀይረን እናመልጠዋለን። ጥቂት ሰዎች በረዶ በከበበው መንደር ውስጥ፣ ወይም ጥቂት እናቶች ወንዝ በዘጋው ገዳም ውስጥ ሲከርሙ ግን ማምለጫ የለም። ሲያስል እንቅልፍ የነሣ፣ ሥራ ሲመጣ የሚሸሽ፣ አንድ ወሬ መቶ ጊዜ የሚያወራ ባልንጀራ ማታም ጠዋትም እዚያው ነው። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ መቀበል ከዚህ አንጻር ቀላል ነው፤ ይሄዳልና። የማይሄደውን እንግዳ መቀበል ነው ጭንቁ። ምናልባትም በክረምት በሩ የሚዘጋው ውስጥ ያሉት እርስ በርስ መቀበልን እንዲማሩ ይሆናል። ያልተማሩት እንደሆነ በመስከረም ለሚመጣው የሚሰጡት ነገር አይኖራቸውም።

እኛ የከተማ ሰዎችስ? እጃችን ላይ ያለው ስልክ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሰው ያመጣብናል። አንዱን ሰላም ሳንል ሌላው ይገባል። ለአንዱ መልስ ስንሰጥ ፊት ለፊታችን ቡና የያዘው ወዳጃችን ግንባራችንን ያያል። በራችን ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ያስተናገድነው እንግዳ ግን የለም። መናኙ በሩን ዘግቶ ለአንዱ ሲዘጋጅ፣ እኛ በሩን ከፍተን ለማንም ሳንዘጋጅ እንኖራለን። ከሁለታችን ማን ነው ሰው የራቀው? ለራሴ ስጠይቀው መልሱ ደስ አይልም።

የአክስቴ ልጅ ጉዞውን ወደ ጥቅምት አዛውሯል። ብቻውን ነው የሚመጣው፤ ልጆቹ ትምህርት ላይ ስለሚሆኑ አይመጡም። ስለዚህ እማሆይ የልጅ ልጆቻቸውን ዘንድሮ አያዩም። ይህ ዋጋ ነው፤ ዋጋ አይደለም ብዬ አላሞኝም። እናቴም እስካሁን አልታረቀችም። ነገር ግን ወንዙ ሳይሞላ የመጣው የመጨረሻው መልእክተኛ አንድ ነገር ነግሮናል። እማሆይ ለበሶ የሚሆን ገብስ ለይተው አስቀምጠዋል። ልጃቸው ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠይቀዋል፤ ለዚያን ያህል ቀን እመ ምኔቷን አስቀድመው ፈቃድ ሊለምኑ ነው። እንግዲህ ልጁ ከመድረሱ ከአራት ወር በፊት መቀበል ጀምረዋል ማለት ነው። ነሐሴ ላይ ተዋክበው ከተማ ቢወርዱ ኖሮ ይህን አራት ወር ማን ይመልስላቸው ነበር?

ሊጎበኝ የሚሄደውም ግዴታ እንዳለበት እናስታውስ። ገዳም ሲሄዱ ፎቶግራፍ አንሥቶ መመለስ መጎብኘት አይደለም። ደብረ ዳሞ የሚወጣ ሰው ገመዱን ይዞ ሲንጠለጠል ጓዙን መቀነሱ አይቀርም፤ ወደ ማንኛውም የራቀ ሰው የሚሄድም እንዲሁ ጓዙን መቀነስ አለበት። ጥድፊያውን፣ ስልኩን፣ የከተማውን ወሬ ከወንዙ ወዲህ ይተው። የቤቱን ሰዓት ይጠብቅ። ሲጸልዩ ዝም ይበል፤ እንጨት ሲፈልጡ ይፍለጥ። ሲሄድም ተቀባዩን ወደ ራሱ ሕይወት ሊጎትት አይሞክር።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ ያለኝ መልስ ይህ ነው። የራቀ ሰው በሩን ይዝጋ፤ ግን የመሸበት ሲያንኳኳ የሚሰማ ጆሮ በሩ ላይ ያኑር። ሊጎበኝ ለሚፈልግ ጊዜ ይቅጠርለት፤ የቀጠረውንም በሙሉ ልቡ ይጠብቀው። እኛም ዘመድ ለመጠየቅ ስንነሣ የእኛ ፈቃድ የሚያልቅበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የእነሱ ወንዝ የሚጎድልበትን ወር እንጠይቅ። አንባቢዬ ዘንድሮ የሚጠይቁት የራቀ ዘመድ ካለዎት፣ በገዳምም ይሁን በገጠር ወይም በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ በሕመም የተቀመጠ፣ ከመሄድዎ በፊት መቼ ቢመጡ እንደሚሻል ይላኩና ይጠይቁ። መልሱ ቢዘገይም አይቀየሙ።